አለቃው ውስጥ አለ

አሰብ ወደብ ላይ፣ በአንድ የትራንዚት ቢሮ ውስጥ፣ ሰው ሳሠለጥን ነው የኖርኩት። የሥራ መደቤ በወረቀት ላይ ዋና ጸሐፊ ይላል፤ እውነቱ ግን ከትምህርት ቤት ወጥቶ የሚመጣውን ተለማማጅ ሁሉ ተቀብዬ የቢሮ ሰው የማደርገው እኔ ነበርኩ። በር አንኳኩቶ መግባት፣ ስልክ ከማንሳት በፊት ማስቲካ መትፋት፣ ባለጉዳይ ቆሞ እያለ ጥፍር አለመሞረድ፣ ደብዳቤ ሲያቀርቡ ፊቱን ወደሚያነበው ሰው ማዞር። ሲወራ ቀላል ይመስላል እንጂ ስንቱን አስለቅሻለሁ። ቁጡ ነኝ፣ አልክድም። ደሴ ተወልጄ አሰብ ስኖር ሙቀቱ ያመጣብኝ ነው እላለሁ፤ እናቴ ግን «ኧረ ከልጅነቷም እንዲሁ ናት» ትል ነበር።

ይህ የማወራው ከነፃነቱ በኋላ፣ የድንበሩ ጦርነት ሳይመጣ በፊት በነበሩት ጥቂት ዓመታት የሆነ ነው። ያኔ የመሀል አገሩ ጭነት በእኛ በኩል ያልፋል። ስንዴውን፣ ማዳበሪያውን፣ ጎማውን ሊጭኑ የመጡ መኪኖች ከነተሳቢያቸው ተሰልፈው ይውላሉ። ሾፌሮቹና ረዳቶቻቸው መኪናው ሥር ምንጣፍ አንጥፈው ይተኛሉ፤ ሲነቁ የሚመጡት እኛ ቢሮ ነው። «መቼ ነው የምንጭነው?» ይላሉ። «ነገ» እንላለን። በነገታው ሲመጡ እንደገና «ነገ» እንላለን። ይህም ከቢሮ ሥርዓት የሚቆጠር ነበር፤ ማናችንም ውሸት ብለን አንጠራውም።

በአንድ የበጋ መጀመሪያ ሁለት ተለማማጆች ተላኩልኝ። ልምምዱ ሦስት ወር ነው። በመጨረሻ ስለ እያንዳንዳቸው አንድ ወረቀት እጽፋለሁ፣ ሥራ አስኪያጁ ይፈርምበታል። ደህና የተጻፈለት ይቀጠራል፣ ያልተጻፈለት ወደ መጣበት ይመለሳል። ያን ጊዜ ሁለት ቦታ ክፍት ስለነበር ሁለቱ እርስ በርስ የሚሻሙበት ነገር አልነበረም።

አንደኛዋ ልጅ አሰብ ተወልዳ ያደገች፣ አባቷ ወደብ ላይ ክሬን የሚነዳ ነበረች። አማርኛውን፣ ትግርኛውን፣ ዐረብኛውን እንደ ማስቲካ ነው የምታላምጠው። ሁለተኛው ከራሔይታ የመጣ አፋር ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ። አባቱ ዓሣ አጥማጅ ናቸው። ሌላ ወንድ ልጅ የላቸውም፤ እሱን ከጀልባው አውርደው ትምህርት ቤት ሲልኩት የመንደሩ ሰው «መረቡን ማን ሊስብልህ ነው?» ብሎ ስቆባቸው ነበር አሉ። ከዚያ መንደር ትምህርት ጨርሶ ቢሮ የገባ ሰው ከሱ በፊት አልነበረም። ይህን የነገረችኝ ልጅቷ ናት፤ እሱ ስለራሱ ካልጠየቁት አይናገርም።

የመጀመሪያው ቀን ጉድ አየሁ። ሥራ አስኪያጃችን ማለት አገር የሚፈራው ሰው ነው፤ «እንደምን አደሩ» ሲሉት እንኳ ጎንበስ ይባልለታል። ልጁ ቀጥ ብሎ ሄዶ እጁን ጨበጠውና «አንተ ደህና ነህ? ቤትህ ደህና ነው? ልጆችህስ ደህና ናቸው?» አለው። መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ለካስ አማርኛ የተማረው ከሾፌሮች ነው፤ «እርስዎ» የሚባለው ነገር ጭራሽ አልደረሰውም። አንድ ሳምንት ሙሉ አስጠናሁት። በሳምንቱ ሥራ አስኪያጁን «እርስዎ ና፣ ስልክ ይፈልግሃል» ሲለው ተውኩት።

እሱስ ይሁን። ዋናው ጣጣ ሌላ ነበር። አፋሮች ዳጉ የሚሉት ወግ አላቸው። ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ቁጭ ይልና ወሬ ይለዋወጣል፤ ወሬ ስል ሐሜት ማለቴ አይደለም። የት ዘነበ፣ የት ሣር አለ፣ ማን ታመመ፣ መንገድ ላይ ምን አየህ፣ ያየኸው ነው ወይስ የሰማኸው፣ ከሰማኸውስ ከማን ሰማኸው። ይህን ሁሉ አንዱ ሳይቆርጥ ይናገራል፣ ሌላው ሳያቋርጥ ያዳምጣል፣ ከዚያ ተራ ይለዋወጣሉ። ልጄ ታዲያ ይህንኑ ወግ ይዞልኝ ቢሮ መጣ። ሾፌር ደረሰኝ ሊያስመታ ሲገባ ወንበር ላይ አስቀምጦት ከኮምቦልቻ ጀምሮ እስከ ኬላው ድረስ ያስተርከዋል። ከኋላው አሥር ሰው ተሰልፏል። ስልክ ያነሳና «ማን ልበል?» እንዲል ያስተማርኩት ልጅ የደዋዩን የአማቱን ሕመም ሲሰማ ይገኛል።

«አንተ ልጅ፣ ይህ ቢሮ ነው ወይስ የበረሃ ዛፍ ጥላ?» አልኩት አንድ ቀን።

«ቢሮ ነው» አለኝ፤ በቁም ነገር ጠየቅሽኝ ብሎ።

ልጅቷ ፋይል ውስጥ ተደብቃ ሳቀች። እኔም ለመሳቅ አንድ ሐሙስ ነበር የቀረኝ፤ ግን ተለማማጅ ፊት ከሳቁ አለቀ።

ቀጥሎ ያስተማርኳቸው ትምህርት ከሁሉም የከፋውን አመጣ። ሥራ አስኪያጁ ሰው ማየት በማይፈልግ ጊዜ ምን እንደሚባል ነው። «ስብሰባ ላይ ናቸው» ይባላል፤ ወይም «አሁን ወጣ አሉ»። የትኛውም ቢሮ የሚባል ነው። ልጅቷ አንድ ጊዜ ሰምታ ያዘችው፤ እንዲያውም «ውይ፣ አሁን በዚህ በር ሲወጡ አላገኟቸውም?» እያለች የራሷን ቅመም ትጨምርበት ጀመር። በማግስቱ አንድ ባለጉዳይ መጣና ልጁን «አለቃህ አሉ?» አለው።

«አለቃው ውስጥ አለ» አለ ልጁ። «የለም በል ብሎኛል።»

ባለጉዳዩ እኔን አየኝ፣ እኔ ኮርኒሱን አየሁ። ሥራ አስኪያጁ ከውስጥ ሰምቶ ኖሮ ሳል ብጤ አሰማ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ሰዉ ሲወጣ ልጁን ወደ ጓሮ ይዤው ወጣሁ። ንፋሱ እንደ ምድጃ አፍ ይነድዳል። ተቆጣሁት፤ ድምፄ እስከ ጉምሩክ በር ሳይሰማ አልቀረም። ሳያቋርጥ ሰማኝ። ስጨርስ ይናገር እንደሆነ ጠየቀኝ፣ ተናገር አልኩት።

በመንደራቸው አንድ ሽማግሌ ነበሩ አለኝ። በወጣትነታቸው አንድ ቀን ስለ ሩቁ ግጦሽ «ደባይሲማ ዘንቧል» ብለው ተናገሩ። ሳያዩ ነው የተናገሩት፤ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ምናልባት ሰው ለማስደሰት ይሆናል። ከብት አርቢዎቹ አምነው ፍየላቸውን፣ ግመላቸውን ነድተው ሄዱ። አንዲት ጠብታ አልነበረም። ከብቱ አለቀ። ሰውየውን ማንም አልመታቸውም፣ ማንም አልሰደባቸውም። ብቻ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወሬ የሚጠይቃቸው ሰው ጠፋ። መንገደኛ ሲመጣ ሰው ሁሉ ይጠየቃል፣ እሳቸው ይዘለላሉ። ልጁ እሳቸውን ሲያውቃቸው በጣም አርጅተው ነበር፤ ያኔም ማንም አይጠይቃቸውም። ሲሞቱ እንኳ ሰው ሳይጠይቃቸው ሞቱ።

«ሌላ ሥራ እዘዢኝ» አለኝ። «ወለል ጥረግ ብትይኝ እጠርጋለሁ። ይሄን ግን አልችልም።»

እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስል የኖርኩ ሴት ነኝ። ቁጣዬ የት እንደገባ እኔም አላውቅም።

መላውን ያመጣችው ልጅቷ ናት። «እትዬ፣ ለምን አንከፋፈለውም?» አለችኝ። «የጋሼን በርና ስልክ እኔ ልያዝ። ሾፌሮቹንና መጋዘኑን እሱ ይያዝ። እኔ እዋሻለሁ፣ እሱ እውነቱን ይናገራል።» እንዲህ በግልጽ ስትለው ደነገጥኩ፤ ቢሆንም ከዚህ የተሻለ ሐሳብ አልነበረኝም። በእኔ ዕድሜ ያልመጣልኝ ነገር በሁለት ወር ተለማማጅ መጣ ብዬ ኮራሁባት እንጂ አልተቀየምኩም።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ልናገር። ልጁ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሥራ ሲጀመር ከኔ ቀድሞ ቢሮ ደጃፍ ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት መርከቡ ቆሞ እንደሆነ ወደብ ሄዶ አይቶ፣ መጋዘን ገብቶ አይቶ ነው የሚመጣው። አንድ ደብተር ነበረችው፤ ገጿን በመስመር ለሁለት ይከፍልና በአንዱ ወገን «ያየሁት»፣ በሌላው «የሰማሁት» ብሎ ይጽፋል። ሾፌር ሲመጣ ከደብተሯ ያነብለታል። «መርከቡ ውጭ ቆሟል፤ ይሄን አይቻለሁ። ከነገ ወዲያ ይገባል ይላሉ፤ ይሄን ሰምቻለሁ፣ የነገረኝ የጀልባ ሰው ነው። ዛሬ ጭነት የለም። ሂድ ተኛ።» ሾፌሩ ሄዶ ይተኛል። በ«ነገ» ስናስተዳድራቸው በሩን በጡጫ የሚደበድቡት ሰዎች «ዛሬ የለም» ሲባሉ አመስግነው ሲሄዱ ማየት ለኔ ተአምር ነበር። መንገድ ላይ ያዩትን ደግሞ ሳይጠየቁ ይነግሩታል፤ ጎርፍ የቆረጠው ድልድይ የት እንደሆነ፣ የቱ መኪና የት እንደተበላሸ ከማንም ቀድሞ የሚያውቀው የኛ ቢሮ ሆነ። አንድ ሽበታም ሾፌር በሩ ላይ ቆሞ «ያ የማይዋሸው ልጅ አለ?» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ እኔን ምን ሊለኝ ነው ብዬ አፈርኩ።

ሦስተኛው ወር ሊያልቅ ሲል ነገር ተበላሸ። አንድ ትልቅ ነጋዴ ከመሀል አገር መጣ። ሥራ አስኪያጁ ለዚህ ሰው «ጎማህ ትናንት ተጭኖ ሄዷል» ብሎት ነበር፤ እንደ ልማዳችን ማለት ነው፤ ዛሬ ይጫናል፣ ምን ለውጥ አለው ብሎ። ነጋዴው ግን ከቢሮ ሲወጣ ግቢ ውስጥ ልጁን አገኘውና ጠየቀው።

«ጎማው መጋዘን ነው፤ ዛሬ ጠዋት አይቼዋለሁ» አለው ልጁ። «ሄዷል ሲባልም ሰምቻለሁ።»

ነጋዴው ተመልሶ ገብቶ ሥራ አስኪያጁን ሰው ፊት አዋረደው። ማታውን ሳይሆን ያኔውኑ ተጠራሁ።

«የልጁን ወረቀት ጻፊ» አለኝ። «አርፋጅ ነው በይ። በተደጋጋሚ አርፍዶ ተገኝቷል፣ ለቢሮ ሥራ አይሆንም።»

«ጋሼ፣ ልጁ እኮ አርፍዶ አያውቅም።»

«ታዲያ እውነት ተናገረ ብለሽ ልትጽፊ ነው?» አለኝ።

ጻፍኩት። የምደብቀው የለኝም፣ ጻፍኩት። ባል የለኝ፣ ዘመድ ደሴ ነው፣ ከዚህ ቢሮ ሌላ የማውቀው ኑሮ አልነበረም። በንጹሕ ታይፕ፣ ሳልሳሳት፣ ከነካርቦኑ መትቼ ፈረምኩና ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት፤ ፊቱንም ወደሚያነበው ሰው አዞርኩት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ አንዴ ማህተም ካረፈበት ያ ልጅ በአሰብ ቢሮ ሁሉ አርፋጅ ሆኖ ይቀራል። ለልጁ አልነገርኩትም። ሁለት ቀን ዓይኑን ሳላይ ሠራሁ።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ አባቱ ከራሔይታ መጡ። ልጃቸው ሥራ ሊይዝ ነው ሲባል ሰምተው ነው። ነጭ ሽርጥ የታጠቁ፣ ፀሐይ ያደረቃቸው፣ ዓይናቸው ግን የወጣት ዓይን የሆነ ሽማግሌ። ከልጁ ይልቅ አጠር ይላሉ። «አሰላሙ አለይኩም» ብለው እጄን ያዙ፣ ወንበር ሳብኩላቸው፣ ልጁ አጠገባችን ቆሞ ሊተረጉም ተዘጋጀ። አማርኛ አያውቁም።

በወጉ መሠረት በራሳቸው ወሬ ጀመሩ። ዓሣው ዘንድሮ ከባሕሩ ዳር እንደራቀ፣ ከዒድ ወደብ የመጣ ጀልባ ሸራው እንደተቀደደ፣ የእህታቸው ልጅ እንደወለደች፣ ፍየሎቹ ላይ ሳል እንደገባ። ያዩትን አየሁ፣ የሰሙትን ሰማሁ እያሉ። ግማሽ ሰዓት ያህል ወሰደ። ስልኩ ይጮኻል፣ ልጅቷ ታነሳለች፤ እኔም እንዳላቋርጣቸው ብዬ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ሰማሁ። ሲጨርሱ አዩኝ። ተራው የኔ ነው።

«አባቴ የኔን ወሬ ካንቺ ሊሰማ ነው የመጣው» አለ ልጁ።

«ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ጎበዝ ልጅ ነው» አልኩ።

ተረጎመ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው መጠበቃቸውን ቀጠሉ። እኔም ጠበቅሁ።

«ምን ይፈልጋሉ?» አልኩት ልጁን።

«ወሬው አላለቀም ብሎ ነው» አለኝ። «ሰላምታው ነው ያለቀው።»

እግዜር ያሳያችሁ። ሽማግሌው ያዩኛል፤ ተቆጥተው አይደለም፣ ጠርጥረውም አይደለም፣ ብቻ እውነቱን ከኔ ሊሰሙ ከራሔይታ ድረስ መጥተዋል። ጀመርኩ። ከመጀመሪያው ቀን ሰላምታ ጀመርኩ። ስለ ደብተሯ ነገርኳቸው፣ ስለ ሾፌሮቹ ነገርኳቸው፣ እንዴት እንደተቆጣሁትና እንዴት እንዳፈርኩ ነገርኳቸው። ልጁ ምስጋናውንም ስድቡንም በአንድ ድምፅ ይተረጉማል። ከዚያ ነጋዴው ጋ ደረስኩ። ከነጋዴው ወረቀቱ ጋ ደረስኩ።

«አርፋጅ ነው ብዬ ጻፍኩበት» አልኩ። «አርፍዶ አያውቅም። አላየሁም፣ ከማንም አልሰማሁም። ጻፊ ተባልኩና ጻፍኩ።»

ልጁ ይህን ሲሰማ የመጀመሪያው ነው። የራሱን መባረር ነው ለአባቱ እንዲነግር የሰጠሁት። አንዴ አየኝ፣ ወደ አባቱ ዞረ፣ ተረጎመው፤ አንዲት ቃል የዘለለ አልመሰለኝም። ልጅቷ በበኩሏ ስልኩ እየጮኸ አላነሳችውም።

«ፈርሜበታለሁም» አልኩ። ይህንንም ተረጎመ።

ሽማግሌው አጭር ነገር ተናገሩ። ልጁ አልተረጎመውም። እስከዚያ ቀን አንድ ነገር ሲያስቀር አይቼው ስለማላውቅ ስድብ መሆን አለበት አልኩ።

«ይገባኛል። ሁሉንም ንገረኝ» አልኩት።

«አባቴ የሚለው» አለ፣ «ሰው የራሱን ክፉ ከተናገረ የሰው ደግ አይደብቅም። ሥራ ቢሰጡህም ባይሰጡህም ከዚህች ሴት አትራቅ ይለኛል።»

ማልቀስ አልወድም፣ ያውም ቢሮ ውስጥ፤ ተነሥቼ ወደ ሥራ አስኪያጁ ክፍል ገባሁ። ሳላንኳኳ ነው የገባሁት። ቬንትሌተሩ ሥር ጫማውን አውልቆ ተቀምጧል። ወረቀቱ እሱ ሳይፈርምበት ጠረጴዛው ላይ እንደተቀመጠ ነበር፤ እሱንም ሁለት ቀን ከብዶት ኖሯል ለካ። ለአባትየው ምን ምን እንደነገርኳቸው አንድ በአንድ ነገርኩት። ለወትሮው ከሁለት ዐረፍተ ነገር በላይ የማያስጨርሰኝ ሰው አላቋረጠኝም።

«እኔንም አነሳሽ?» አለኝ።

«አንስቻለሁ፣ ጋሼ። ካስፈለገም እኔን ያባርሩኝ።»

«ሽማግሌው ሄደዋል?»

«አልሄዱም።»

መስኮቱን ሲያይ ቆየ። ይህ ወሬ ማታ ራሔይታ፣ ነገ መንገዱን ሁሉ እንደሚደርስ ማንም የአሰብ ሰው ያውቃል። ግን ፍርሃት ብቻ ነበር ማለት አልችልም፤ ፊቱን አይቼዋለሁ። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው፣ ጫማውን በእግሩ ፈልጎ አጠለቀና ወጣ።

ሽማግሌው ተነሥተው ተቀበሉት፤ እጁን ያዙ፣ አስቀመጡት፤ እንግዳው እሱ መሰለ። ያንኑ ወሬ ከመጀመሪያው ጀመሩለት፤ ዓሣው፣ ሸራው፣ የተወለደው ሕፃን፣ የፍየሎቹ ሳል። አገር የሚፈራው ሰውዬ ክርኑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እስከ መጨረሻው ሰማ። ሲያልቅ ሽማግሌው ጠበቁት።

ሥራ አስኪያጁ ወደ አባትየው ዞረ።

«ልጅዎ አንድም ቀን አርፍዶ አያውቅም» አለ።

ልጁ ሊተረጉም አፉን ከፈተ፤ ድምፁ ግን እንቢ አለው። አባቱ ጠበቁት። ሁላችንም ጠበቅነው።